አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የኪሮሽ ብርድ ልብስ፦ ሦስቱም ቀለም እኩል እንዲወጣ

የባንዲራ ብርድ ልብስ በኪሮሽ መሥራት ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። አበባ የለበትም፣ የሚያስቸግር ቅርጽ የለበትም። ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው አሠራሩ አንድ ነው። ዳንቴል የሠራች እጅ አንድ ቀን ማታ ትለምደዋለች። ከባዱ ሌላ ነው። ከባዱ ሦስቱን ቀለም እኩል ማድረግ ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ላይ አረንጓዴ ከላይ፣ ቢጫ ከመሀል፣ ቀይ ከታች ሆነው በእኩል መጠን አግድም ይቀመጣሉ ይላል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ሰው ቤት ስገባ የማየው ግን አረንጓዴው ሰፍቶ ቢጫው የቀጠነ፣ ቀዩ ደግሞ ወደ አንድ ጎን የሄደ ነው። ይሞቃል፣ ቀለሙም ደስ ይላል። ባንዲራ ለመባል ግን ይህ አይበቃም።

በተለይ እኛ ጎጃም ውስጥ ሆነን ይህን ነገር እንደነገሩ ልንሠራው አይገባም ባይ ነኝ። እዚህ ባንዲራ ሲነሳ አርበኛ አብሮ ይነሳል። በላይ ዘለቀ ጫካ የገባው በዚሁ አገር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ሰንደቅ ዓላማውን የሰቀሉት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ነው፤ ያኔ የጎጃም ግዛት ዳር፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ። ከዚያ በጎጃም አልፈው፣ ደብረ ማርቆስን ረግጠው፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። ስለዚህ ጉልበታችን ላይ ጣል የምናደርገውም ቢሆን ተለክቶ ይሠራ።

እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፤ ብርዱም ብርድ ነው። ኪሮሽ ለመያዝ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ሐምሌ ላይ የጀመረች ሰው በቀን ሁለት ሦስት ረድፍ ብትሠራ፣ ጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ሲከበር ብርድ ልብሷ ታጥቦ ደርቆ ይጠብቃታል።

ክሩ

ብዙ የምቆየው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የመጨረሻው መልክ የሚወሰነው ገና ሱቅ ውስጥ ነው።

የሚያስፈልገው መካከለኛ ውፍረት ያለው የሹራብ ክር ነው። የዳንቴል ክር ለዚህ አይሆንም፤ ቀጭን ስለሆነ ዓመት ይፈጃል፣ ሙቀትም የለውም። በእጅ የተፈተለ ጥጥም ውብ ነገር ነው፣ ነገር ግን ሦስት አራት እጥፍ ካልተደረገ ለብርድ ልብስ ይሳሳል። በዚያ ላይ ማቅለሙ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሱቅ ያለው አክሪሊክ የሹራብ ክር ይበቃል። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ብል አይበላውም።

ለእያንዳንዱ ቀለም ባለ 100 ግራም 4 ልቃቂት ግዙ። ለዋናው ሥራ 3 ይበቃል፤ አራተኛው ለሙከራ፣ ለጠርዝና ለወደፊት ጥገና ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ ግዙ። ልቃቂቱ ላይ የታሰረው ወረቀት የቀለም ቁጥርና አብሮ የተነከረበትን ዙር የሚያሳይ ሌላ ቁጥር አለው። ሁለቱም ቁጥሮች አንድ መሆናቸውን እዩ። ከወር በኋላ ተመልሳችሁ "ያው አረንጓዴ" ብላችሁ የምትገዙት ብዙ ጊዜ ያው አረንጓዴ አይደለም። ሱቅ ውስጥ በአምፖል መብራት አይለይም፤ ቤት ገብቶ በፀሐይ ሲታይ ግን አረንጓዴው መሀል ላይ መስመር ያወጣል።

ስለ ክር ጥራት የማውቀውን ያወቅኩት ከእናቴ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት ናት። ክር ይዤ ስገባ ቀለሙን ቀድማ አታይም። ጫፉን ስባ ታወጣና በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል ታሽከረክረዋለች። ከዚያ ስንዝር የሚያህለውን በሁለት እጇ ይዛ ሳብ፣ ለቀቅ ታደርገዋለች። ተመልሶ ከተሰበሰበ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ ምርቃት ነው። እንደተሳበ ከቀረ ወይም ጫፉ ከተበታተነ "ይኼማ ክረምት አይሻገርም፣ ልጄ" ብላ ትመልስልኛለች።

ሦስቱን ቀለም ስሰጣት ደግሞ ዓይኗን ትጨፍንና በጣቷ ብቻ ታወዳድራቸዋለች። አንድ ጊዜ "ይኼኛው ወፍራም ነው" አለችኝ፤ ቀዩ ነበር። የአንድ ፋብሪካ ክር ነው፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ነው፣ ግን ቀለም ከቀለም ውፍረቱ ይለያያል። የብዙ ሰው ባንዲራ የሚዛነፈው በዚህ ነው። ረድፍ ቆጥረው እኩል ይሠራሉ፣ ስፋቱ ግን እኩል አይወጣም። ስለዚህ ቁጠሩ፣ ደግሞም ለኩ። ሁለቱም ያስፈልጋል።

ኪሮሹ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። የቤታችን የዳንቴል ኪሮሽ ከዚህ እጅግ ይቀጥናል፤ በእሱ አትሞክሩት። የአሉሚኒየምም የፕላስቲክም ይሆናል። አንድ ቁጥር ከፍ ያለ፣ ማለትም 5.5፣ እና አንድ 6 ሚሊ ሜትር ከተገኙ አብራችሁ ያዙ፤ ጥቅማቸውን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ከዚህ ሌላ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ መቀስ፣ ዓይነ ሰፊ መርፌ፣ አሥር አሥራ ሁለት መርፌ ቁልፍ። በቃ።

ልኩ

የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ርዝመቱ የስፋቱ እጥፍ ነው። አንድ ሜትር ስፋት ካለው ሁለት ሜትር ይረዝማል። እኔ የምመክረው 94 በ188 ሴንቲ ሜትር ነው። ባለ 90 ፍራሽ ላይ ልክ ይሆናል፣ መደብ ላይ ለተቀመጡ ሁለት ሰዎች ጉልበት ይበቃል፣ ግድግዳ ላይ ቢሰቀልም አያፍርም። ሜትር ከሃያ ለሆነ አልጋ ግን ከላይ ጣል የሚደረግ እንጂ ሙሉ ልብስ አይሆንም። ሙሉ ይሁንልኝ ብላችሁ ስፋቱን ከጨመራችሁ ርዝመቱንም እጥፍ መጨመር አለባችሁ፤ አለበለዚያ ቅርጹ ይጠፋል።

መጀመሪያ ሙከራ ሥሩ። በእያንዳንዱ ቀለም 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ። አሠራሩን ከታች አስቀምጫለሁ። ከዚያ ቁራጩ መሀል ላይ ሜትር አስቀምጣችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን (አንድ ዓይን ማለት ከታች የማሳያችሁ አንድ ቋሚ ነው)፣ ስንት ረድፍ እንደገባ ቁጠሩ። በ5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ መካከለኛ እጅ 14 ዓይንና 7 ረድፍ ይወጣዋል። ይህ ከሆነ 188 ሴንቲ ሜትር 264 ዓይን ይፈልጋል፤ አንዱ ቀለም ደግሞ 22 ረድፍ፣ ማለትም 31 ሴንቲ ሜትር ከጥቂት ነው። የእናንተ እጅ ጠበቅ ወይም ላላ የሚል ከሆነ በራሳችሁ ቁጥር አስሉት። በ10 ሴንቲ ሜትር 13 ዓይን ከወጣ 188ን በ1.3 አባዙ፤ 244 ይመጣል።

የአንዱ ቀለም ቁራጭ ከሌሎቹ ካነሰ፣ ክሩ ቀጭን ነው ማለት ነው። ያን ቀለም ብቻ በ5.5 ኪሮሽ ሥሩትና እንደገና ለኩ። አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። ካልተስተካከለ ክሩን ቀይሩ። ከባድ ምክር ይመስላል፣ ግን ያኔ የምታጡት አንድ ማታ ነው።

ሥራው

የምንሠራው በርዝመቱ ነው። አንድ ረድፍ ማለት ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው 188 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ቀለም የምንቀይረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በስፋቱ የጀመረ ሰው በየረድፉ ሦስት ቀለም ሲያፈራርቅ ይውላል፣ ጀርባውም በክር ጫፍ ይሞላል።

ከቀዩ ጀምሩ። ሥራው ከታች ወደ ላይ ስለሚያድግ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ብሎ ሲያልቅ አረንጓዴው ከላይ ይሆናል። ለሰንሰለቱ ብቻ 6 ሚሊ ሜትሩን ኪሮሽ ተጠቀሙ። የመጀመሪያው ሰንሰለት ከጠበቀ የብርድ ልብሱ ግርጌ ይኮማተራል፣ በኋላም ምንም አይመልሰውም። 266 ሰንሰለት ሥሩ፤ በየ24ቱ አንድ መርፌ ቁልፍ ሰኩ። ሰው ጠርቷችሁ ቁጥሩ ቢጠፋባችሁ ከመጨረሻው ቁልፍ ትጀምራላችሁ። አምስት ስድስት ሰንሰለት ትርፍ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ትርፉ በኋላ ከመነሻው በኩል ይፈታል።

አሁን 5 ሚሊ ሜትሩን ያዙ። አሠራሩ አንድ ብቻ ነው፤ ቋሚ ብዬ ልጥራው። ክሩን ኪሮሹ ላይ አንዴ ጠምጥሙ። ኪሮሹን ዓይኑ ውስጥ አስገቡና ክር ይዛችሁ ሳቡ፤ ሦስት ቀለበት ኪሮሹ ላይ ይኖራል። ክር ይዛችሁ በሁለቱ ውስጥ አውጡ፤ ሁለት ቀረ። እንደገና ክር ይዛችሁ በሁለቱም ውስጥ አውጡ፤ አንድ ቀረ። አንድ ቋሚ አለቀ።

የመጀመሪያውን ቋሚ ከኪሮሹ አራተኛው ሰንሰለት ላይ ሥሩ። የተዘለሉት ሦስቱ እንደ አንድ ቋሚ ይቆጠራሉ። እስከ ዳር ስትደርሱ 264 መሆን አለበት። ከዚያ ሦስት ሰንሰለት ሠርታችሁ ሥራውን አዙሩ። እነዚህ ሦስት ሰንሰለቶች የአዲሱ ረድፍ የመጀመሪያ ቋሚ ናቸው፤ ስለዚህ ቀጣዩን ከሥራቸው ባለው ዓይን ላይ አትሥሩ፣ ከጎኑ ባለው ላይ ጀምሩ። ረድፉ ሲያልቅ ደግሞ የመጨረሻው ቋሚ ያለፈው ረድፍ ሦስት ሰንሰለቶች አናት ላይ ይገባል። ይህች የመጨረሻ ዓይን ተደብቃ የምትረሳ ናት። በየረድፉ አንድ ስትረሳ ብርድ ልብሱ እንደ ፈፋ እየጠበበ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ረድፎች ሙሉ በሙሉ ቁጠሩ። ከዚያ በኋላ እጅ ይለምዳል፤ ሁለቱን ዳሮች ብቻ ማየት ይበቃል።

ልቃቂት ሲያልቅ መሀል ረድፍ ላይ አትቀጥሉ። ዳር ላይ ቀጥሉ፣ ጫፉም ስንዝር ያህል ይተርፍ። አጭር ጫፍ በኋላ መርፌ አይገባበትም፣ ከታጠበ በኋላም ብቅ ይላል።

ቀዩ 10 ረድፍ ሲሞላ ቁሙ። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርጉት፣ ሳትስቡ በእጃችሁ ዳብሱት፣ ትንሽ ይረፍ። ከዚያ በግራ ዳር፣ በመሀልና በቀኝ ዳር ለኩት። 14 ሴንቲ ሜትር ከጥቂት መሆን አለበት፣ ሦስቱም ቦታ ላይ። መሀሉ ከዳሩ ከበለጠ ዳሩን እያጠበቃችሁት ነው። ሰንሰለቷን ለቀቅ አድርጉ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። ቢጫውም አረንጓዴውም 10ኛ ረድፍ ላይ ሲደርሱ ከዚህ ቁጥር ጋር ይመዘናሉ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ ቢለያይ ያን ቀለም ፈታችሁ በሌላ ቁጥር ኪሮሽ ጀምሩት። 10 ረድፍ መፍታት ያናድዳል፤ ጨርሶ መፍታት ግን ማንም አያደርገውም፣ ስለዚህ ጊዜው አሁን ነው።

ቀለም መቀየር

22 ረድፍ ያልኩት በምክንያት ነው። ለሁለት እኩል የሚካፈል ቁጥር መሆን አለበት። በኪሮሽ አዲስ ቀለም ፊታችሁ ባለው ገጽ ላይ ሲጀመር መስመሩ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ይላል። ከጀርባ ሲጀመር ግን የድሮው ቀለም ነጠብጣብ ሆኖ ወደ ፊት ይወጣል። የመጀመሪያው ረድፍ ፊት ከሆነ 22ኛው ጀርባ ነው፤ 23ኛው፣ ማለትም የቢጫው የመጀመሪያ ረድፍ፣ እንደገና ፊት ላይ ይውላል። 21 ወይም 23 ብትሠሩ ይህ ይበላሻል። ፊቱ የቱ እንደሆነ እንዳይጠፋችሁ አንድ መርፌ ቁልፍ ፊቱ ላይ ሰክታችሁ እስከ መጨረሻው ተዉት።

የ22ኛው ረድፍ የመጨረሻ ቋሚ ላይ ሁለት ቀለበት ሲቀር ቀዩን ልቀቁት። ቢጫውን ያዙና በሁለቱ ቀለበቶች ውስጥ አውጡት። ቋሚው በቀይ ተሠርቶ በቢጫ ተዘጋ። ሦስቱን ሰንሰለቶች በቢጫ ሥሩና አዙሩ። ቀዩን ስንዝር አስቀርታችሁ ቁረጡ። ቢጫው 22 ሲሞላ አረንጓዴውን በዚሁ መንገድ አስገቡ። አረንጓዴው አልቆ የመጨረሻዋ ቀለበት ስትቀር ክሩን ቁረጡና በቀለበቷ ውስጥ ስባችሁ አጥብቁ።

አርማው

ሰንደቅ ዓላማ ብሎ ለሚሰቅል ሰው መሀሉ ላይ ያለው አርማ ግድ ነው፤ ሕጉ የሚያውቀው አርማ ያለበትን ነው። ለጉልበት፣ ለሶፋ ለሚሆን ልብስ ሦስቱን ቀለም ብቻ እንደ ነጠላ ጥለት የሚያደርጉም አሉ። አርማ የምታደርጉ ከሆነ ለብቻው ሠርታችሁ ስፉት እንጂ ረድፉ ውስጥ ቀለም አታስገቡ።

በሰማያዊ ክር ትንሽ ቀለበት ሠርታችሁ 12 ቋሚ አስገቡበት። ቀጣዩ ዙር 24፣ ከዚያ 36፣ ከዚያ 48፤ በየዙሩ 12 ይጨምራል። ጭማሪውን አንድ ዓይን ላይ ሁለት ቋሚ በመሥራት በእኩል ርቀት አከፋፍሉት። ካልተጨመረ እንደ ቆብ ይጎደጉዳል፣ ከበዛ ይሸበሸባል። 16 ዙር ሲሞላ ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሆናል፤ ቢጫውን አልፎ ወደ አረንጓዴውና ወደ ቀዩ ይገባል፣ መሆንም ያለበት እንዲያ ነው።

ኮከቡን በዓይን ግምት አትሞክሩ። ክቡን የሚያህል ወረቀት ቁረጡ፤ ከተማሪ ልጅ ፕሮትራክተር ተዋሱና በየ72 ዲግሪው አንድ ነጥብ አድርጉ፤ አምስት ይሆናሉ። ከዳሩ ትንሽ ገባ ያሉ ይሁኑ። እያንዳንዱን ነጥብ አንድ እየዘለላችሁ በማስመሪያ አገናኙ፤ ኮከቡ ይወጣል። በሁለት ጫፎች መካከል ባለው ክፍት ቦታ ደግሞ አንድ አንድ አጭር ጨረር። ወረቀቱን በመርፌ ቁልፍ ክቡ ላይ አድርጋችሁ በነጭ ክር ምልክት ስፉ፣ ወረቀቱን ቅደዱና አውጡት። ከዚያ በቢጫ ረዥም ሰንሰለት ሠርታችሁ በምልክቱ ላይ በመርፌ አያይዙ። አንዱ የኮከብ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ አረንጓዴው ይይ።

ጠርዝና እጥበት

ጠርዙን በአንድ ቀለም አትክበቡት። በጥቁር ወይም በነጭ የተከበበ አይቻለሁ፤ የስዕል ፍሬም ይመስላል። አረንጓዴው ዳር በአረንጓዴ፣ ቢጫው በቢጫ፣ ቀዩ በቀይ ይሁን። ለጠርዝ ሳይጠመጠም የሚሠራውን አጭሩን ተጠቀሙ፦ አስገቡ፣ ሳቡ፣ በሁለቱ ቀለበት አውጡ። በጎን በኩል ለእያንዳንዱ ረድፍ ሁለት፣ ማዕዘን ላይ ሦስት። የተንጠለጠሉትን የክር ጫፎች በመርፌ እየራሳቸው ቀለም ውስጥ ወዲያና ወዲህ አመላልሳችሁ ደብቁ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ ማንጠልጠያ ቀለበቶቹን አረንጓዴው ላይ ብቻ አድርጉ፤ ማንም ገልብጦ ሊሰቅለው አይችልም።

ከማጠባችሁ በፊት የቀዩን የሙከራ ቁራጭ አርጥቡና ነጭ ጨርቅ ላይ ተጫኑት። ጨርቁ ከቀላ ያ ክር ቢጫውን ያበላሻል፤ ስለዚህ ብርድ ልብሱን ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በትንሽ ሳሙና፣ ሳትጠመዝዙ እጠቡት። ሽቦ ላይ ከሰቀላችሁት ውሃው ወደ ታች ይጎትተውና ልኩ ይጠፋል። ሰሌን ላይ ዘርጉት፣ በጥላ። የበጋ ፀሐይ ቀለሙን ይመጠዋል። ካውያም አይነካው፤ አክሪሊክ ሙቀት ሲያገኝ ይለሰልስና ይጠፈጠፋል።

የተረፈውን ክር ከየወረቀቱ ጋር በፌስታል ቋጥሩና አስቀምጡ። ልጅ ሲስበው ወይም ጥፍር ሲይዘው አንድ ዓይን ሊበጠስ ይችላል፤ የተበጠሰው ሳይፈታ ወዲያው በዚያው ክር ይያዛል።